የ1997ን ክርክር ማን አሸነፈ?

በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክሩ በቀጥታ በሚተላለፍበት ሰዓት መርካቶ ሱቁን አልዘጋም። ሸማ ተራ ጨርቅ ይለካል፣ በርበሬ ተራ ይመዝናል፣ ቆርቆሮ ተራ ጋሪ ይጭናል። የተለወጠው ከመደርደሪያው ጫፍ የተቀመጠው ሬዲዮ ነው፤ ዘፈን ማሰማቱን ትቶ የተቃዋሚዎቹን የብርሃኑ ነጋን፣ የልደቱ አያሌውን፣ የመራራ ጉዲናን፣ የበየነ ጴጥሮስን፣ ከገዥው ኢሕአዴግ ደግሞ የበረከት ስምኦንን ድምፅ ያመጣል። ባለሱቁ ሜትሩን ይዞ ደንበኛውን ያስተናግዳል፤ ጆሮው ግን ሬዲዮው ጋ ነው። ደንበኛውም ዋጋ መከራከሩን ገታ አድርጎ ያዳምጣል። ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ወንበር አይበቃውም፤ ተሸካሚው ሸክሙን አውርዶ በር ላይ ቆሞ ያያል፣ ሊስትሮውም ብሩሹን እንደያዘ አንገቱን ያሰግጋል።

ክርክሩ ሲያልቅ ጥያቄው አንድ ነው፦ ማን አሸነፈ? መልሱ ግን እንደየምንጩ ይለያያል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የኢቲቪ ዜና አንዱን መልክ ያሳያል። ቆየት ብሎ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ሌላውን ጎን ያነሳል። በማግስቱ አዲስ ዘመን የራሱን ያትማል። ሳምንቱ ሲጋመስ ደግሞ አስኳል፣ ሳተናው፣ ሚኒሊክ፣ ኢትኦጵ የተባሉት የግል ጋዜጦች ይወጣሉ፤ እነዚህንና አዲስ ዘመንን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የተካሄደው ክርክር አንድ መሆኑን ይጠራጠራል። ያው አዳራሽ፣ ያው ተከራካሪ፣ ያው ሰዓት ሆኖ አሸናፊው ሁለት ነው።

ያ ልዩነት ከየት እንደመጣ በዚህ ምዕራፍ እናያለን። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የዘገባዎቹ መጋጨት በራሱ አገር አልጎዳም። የመርካቶ ሰው በዚያ ዓመት ብዙ ነገር የተማረው ከመጋጨታቸው ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ዘገባ ከዘገባ ሲጋጭ አድማጩ ዋናውን ንግግር በራሱ ጆሮ ያልሰማው እንደሆነ ነው። በ1997 ሁለቱም ሁኔታዎች ተከታትለው ደረሱ፤ መጀመሪያ ደጉ፣ ቀጥሎ ክፉው። ሁለቱም ደግሞ መርካቶ ላይ አርፈዋል።

በዚያን ጊዜ ዜና ከየት ይመጣ እንደነበር እናስታውስ። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን ካስቀረ ወዲህ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈልቷል። የግል ቴሌቪዥን ግን አልነበረም። የግል ሬዲዮም ገና ነው፤ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በአገር ውስጥ ድምፅና ምስል የሚያሰራጨው መንግሥት ወይም ለገዥው ፓርቲ የቀረበ ድርጅት ነው፦ ኢቲቪ፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ሬዲዮ ፋና። ጽሑፉ ነበር የተከፈለው። በአንድ ወገን የመንግሥቱ አዲስ ዘመን፣ በሌላው ወገን ኢሕአዴግን አምርረው የሚቃወሙት ሳምንታዊ ጋዜጦች፣ በመሐል ደግሞ እንደ ሪፖርተርና አዲስ አድማስ ያሉ ሁለቱንም ወገን ለማናገር የሚሞክሩ። ከውጭ የአሜሪካ ድምፅና ዶቼ ቬለ አሉ።

የግል ጋዜጦቹ ከአዲስ አበባ ብዙ አይርቁም ነበር። መርካቶ ጥግ ያለው አውቶቡስ ተራ የጋዜጦቹ ጠረፍ ነበር ማለት ይቻላል። ከደሴ፣ ከጎጃም፣ ከጅማ፣ ከሆሳዕና ሸቀጥ ሊጭን የመጣ ነጋዴ እዚያው መርካቶ ጋዜጣውን አንብቦ፣ የክርክሩንም ወሬ ሰምቶ ይመለሳል። አገሩ ሲገባ ግን ጎረቤቱ የሚያውቀው ከሬዲዮ የሰማውን ብቻ ነው። ገጠሩና ከተማው በዚያ ምርጫ የተለያየ ድምፅ ለምን ሰጡ ለሚል ሰው፣ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች እንዳሉ ሆነው፣ የጋዜጣው መንገድ አውቶቡስ ተራ ላይ ማለቁን አስታውሰዋለሁ።

ወደ ተከራካሪዎቹ እንመለስ። በአሜሪካ አንድ ፓርቲ ዕጩውን ለመለየት የራሱን ሰዎች በአደባባይ እርስ በርስ ያከራክራል። እኛ ዘንድ ዕጩ የሚለየው በፓርቲው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ሕዝብ የሚያየው ክርክር ፓርቲ ከፓርቲ ነው። በ1997 ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። ቅንጅት አራት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ያቀናጁት ስብስብ ነበር፦ መኢአድ፣ ኢዴፓ መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ሊግ። ሰዎቻቸው በየተራ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጡ መርካቶ ከኢሕአዴግ ጋር ብቻ አላወዳደራቸውም፤ እርስ በርሳቸውም አበላለጣቸው። ልደቱ ጥሩ ይመልሳል፣ ብርሃኑ ቁጥር ያውቃል፣ ኃይሉ ሻውል አይፈራም፣ ብርቱካን ሚደቅሳ ሕግ ታውቃለች እየተባለ። ሳያስበው ሕዝቡ የፓርቲ ውስጥ ምርጫ አካሄደ።

የግል ጋዜጦቹ ያንን ስሜት ይዘው ተከራካሪዎችን ጀግና አደረጉ። ፎቶ ከፊት ገጽ፣ ርዕስ በትልቅ ፊደል። እዚህ ላይ ከባድ ስህተት ፈጽመዋል ብዬ አምናለሁ። ሰውን ከሐሳቡ ለይተው አገነኑት። በ1998 መጀመሪያ ላይ ቅንጅት በውህደቱ ጉዳይ ሲሰነጠቅና ልደቱ ሲለይ፣ በግንቦት ያነገሡት ብዕሮች በመስከረምና በጥቅምት ከሃዲ አሉት። በክርክሩ የተናገረው አንድም ቃል አልተለወጠም። አንባቢው ሐሳቡን እንዲመዝን አስተምረውት ቢሆን ኖሮ፣ ከሰውዬው ጋር ሲጣላ ከሐሳቡ ጋር መጣላት እንደማይኖርበት ባወቀ ነበር።

ልዩነቱ ከመገናኛው ዓይነትም ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1960 ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከራከሩ። ኒክሰን ከሆስፒታል የወጣው በቅርቡ ስለነበር ገርጥቷል፤ ኬኔዲ ፊቱ ወዝ አለው። በቴሌቪዥን ያዩት ኬኔዲ አሸነፈ አሉ፣ በሬዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፈ አሉ የሚለው ታሪክ ከዚያ ወዲህ ሲነገር ይኖራል። ታሪኩ የቆመበት መረጃ ደካማ ነው፤ መነሻው የአንድ ድርጅት መጠይቅ ሲሆን፣ በውስጡ የነበሩት የሬዲዮ አድማጮች ጥቂት ናቸው። ሆኖም ጄምስ ድራክማን የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት ያንኑ ክርክር ለተማሪዎች፣ ለከፊሎቹ በምስል፣ ለከፊሎቹ በድምፅ ብቻ አቀረበላቸው። በምስል ያዩት ወደ ኬኔዲ አደሉ፤ ስለ ሰውዬው ባሕርይ ያደረባቸው ግምትም ፍርዳቸውን መራው።

ይህን ይዘን ወደ ሸማ ተራ እንመለስ። እየለካ የሚያዳምጠው ሰው የሚደርሰው የክርክሩ ሐሳብና የድምፁ ቃና ነው። ሻይ ቤት በር ላይ የቆመው ደግሞ ወረቀት የሚያገላብጠውን፣ ላብ የሚጠርገውን፣ ተቃዋሚው ሲናገር ፈገግ የሚለውን ያያል። ማታ ሲገናኙ አንዱ «ጥሩ መለሰ» ይላል፣ ሌላው «ተሸማቀቀ» ይላል። ሁለቱም ያዩትንና የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ጋዜጠኛውም ከእነሱ የተለየ ፍጡር አይደለም፤ ከአዳራሹ ተቀምጦ የጻፈና ከቢሮው ሬዲዮ እየሰማ የጻፈ አንድ ዓይነት አይጽፉም።

ትልቁ ልዩነት ግን የሚፈጠረው በዘገባው ግንባታ ነው። የመሬት ክርክርን እንውሰድ፤ በዚያ ዓመት ብዙ ያወዛገበው እሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ኢሕአዴግ ይህ ካልሆነ ገበሬው በክፉ ቀን መሬቱን ሸጦ ከተማ ይፈሳል ብሎ ይከራከራል። ቅንጅት ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ካልሆነ አያለማውም፣ ካድሬም እንደፈለገ ያዝዘዋል ይላል። ሁለቱም ክርክሮች ክብደት ያላቸው ናቸው፤ በሁለቱም ወገን የኢኮኖሚ ምሁር ይገኛል።

አሁን የሁለት ሰዓቱ ክርክር ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ዜና ይጠብ እንበል። አዘጋጁ መጀመሪያ የሚወስነው ማን እንደሚቀድም ነው። ቀጥሎ የማን መልስ የመጨረሻ እንደሚሆን ይወስናል፤ ይህኛው ይበልጥ ይጎዳል፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ድምፅ ፍርድ መስሎ ይቀራል። ተቃዋሚው «ገበሬው ባለቤት ይሁን» ብሎ ሲያበቃ የኢሕአዴጉ ተወካይ «ይህ ገበሬውን ያፈናቅላል» ብሎ ከዘጋና ዜናው እዚያ ካለቀ፣ አንድም ውሸት ሳይነገር ተቃዋሚው ክርክሩን ተሸንፏል። አዳራሹ ውስጥ ተቃዋሚው ለዚያ መልስ ሰጥቶ ነበር፤ መልሱ ግን መቁረጫው ላይ ቀረ። የግል ጋዜጣው በተራው የዚያኑ መልስ ርዕስ ያደርገውና ኢሕአዴግ ያነሳውን ስጋት ከነጭራሹ ይተወዋል። አንዱ «አስረዱ» ይላል፣ ሌላው ለዚያው ሰው «ተወራጩ» ይላል። ከዚያ ፎቶ ይመረጣል፤ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ መቶ ዓይነት ፊት ያሳያል፣ ጋዜጣው የሚፈልገውን አንዱን ያገኛል። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ የተፈበረከ ጥቅስ የለም፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ሲታይ እውነት ነው።

ፈጠራም አልጠፋም። አንዳንድ ሳምንታዊ ጋዜጦች «ታማኝ ምንጮች እንደገለጹልን» የሚለውን ጋሻ አድርገው የሻይ ቤት ወሬ አትመዋል። ኢሕአዴግ ሊፈርስ ነው፣ እገሌ ከእገሌ ተጣላ የሚል ወሬ ሳይጣራ ወጥቷል። የጋዜጠኝነት ትምህርት ያላገኙ፣ ገንዘብ የሌላቸው፣ በየጊዜው ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች ያዘጋጇቸው ጋዜጦች ነበሩ፤ ድፍረታቸውን አከብራለሁ፣ ወሬውን ግን አላከብርም። በሌላ ወገን ለመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የሚገባውን ልስጥ። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የክርክርና የቅስቀሳ ሰዓት ለተቃዋሚዎች መድቦ ክርክሩን በቀጥታ ማስተላለፍ በዚህ አገር ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነው። ዜናው ያደላ ነበር፣ ክርክሩ ግን ክፍት ነበር። ልዩነቱ ወሳኝ ነው።

አድማጩም ንጹሕ ዳኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ሮበርት ቫሎን፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በቤይሩት ስለተፈጸመው የሳብራና የሻቲላ ጭፍጨፋ የቀረበ የቴሌቪዥን ዜና ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለዓረቦች ደጋፊዎች አሳዩ። ዜናው አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ በእስራኤል ላይ ያደላ ነው አሉ፤ ሁለተኞቹ ለእስራኤል ያደላ ነው አሉ። ጉዳዩን አብልጠው የሚያውቁት ደግሞ አብልጠው አማረሩ። ሰው በአንድ ነገር ላይ ልቡ ሲነካ ሚዛናዊ ዘገባ እንኳ የጠላት ይመስለዋል። በ1997 ሪፖርተርን በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ «የወያኔ» ሌላው «የተቃዋሚ» ሲለው ብንሰማ ልንገረም አይገባም። ሁለቱም ወገን የሚረግመው ጋዜጣ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሁለቱንም በስህተት ያስቀየመ ጋዜጣም ይኖራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ መርካቶ ለምን አልደነገረውም? ዋናውን ሰምቶት ስለነበር ነው። መርካቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሦስት ሱቅ ሳይጠይቅ አይከፍልም፤ ዕቃውን በእጁ ካልያዘ ግን ሦስት ሱቅ መጠየቁ አይረዳውም። ክርክሩ በቀጥታ ሲተላለፍ አድማጩ ዕቃውን ያዘ። ከዚያ በኋላ አዲስ ዘመንም አስኳልም ያሉትን በሰማው ላይ ይመዝናል። «ይህን አላለም እኮ፣ እኔ ሰምቼዋለሁ» የሚል አረፍተ ነገር በየሱቁ በር ይሰማ ነበር። በአማርኛ የተካሄደውን ክርክር በጉራጊኛ፣ በስልጢኛ፣ በኦሮምኛ ለቤተሰቡ የሚያወራው ነጋዴ የጋዜጣውን ቅጂ አልደገመም፤ የሰማውን ነው የተረጎመው። ከ1995 ጀምሮ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የገባበት ነጋዴ፣ ተከራካሪዎቹ ስለ ግብርና ስለ ንግድ ሲናገሩ ለኪሱ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ለመለየት የጋዜጣ ተንታኝ አላስፈለገውም።

ቀስ በቀስ አንዳንዱ ሰው የሚቃረኑ ጋዜጦችን ሆን ብሎ አብሮ መግዛት ጀመረ። አቅም የሌለው፣ አራት ኪሎ ይደረግ እንደነበረው፣ በትንሽ ሳንቲም ተከራይቶ አንብቦ ይመልሳል። በፖለቲካ ትምህርት ቤት ያልተማረ ሕዝብ የዘገባ ንጽጽር በራሱ ተለማመደ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን እንዲህ ያለ የጋራ ማዳመጥ አላየሁም።

ክርክሩ ራሱ እየመረረ ሄደ። በአንድ የቴሌቪዥን ክርክር ላይ የኢሕአዴጉ አዲሱ ለገሠ፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ የተቃዋሚዎቹን አካሄድ ከሩዋንዳው ጨፍጫፊ ሚሊሺያ ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰሉ። ሩዋንዳ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለቀ ለሚያውቅ አድማጭ ይህ ቀላል ንግግር አይደለም። ተቃዋሚውም ወገን በኢሕአዴግ ሰዎች ላይ የሚወረውረው ዘለፋ እየበዛ ነበር። የመንግሥት ዜና የመጀመሪያውን እንደ ማስጠንቀቂያ አቀረበው፤ የግል ጋዜጦች እንደ ዛቻ። ከክርክሩ ውስጥ የቀረው የፖሊሲ ሐሳብ በሁለቱም ወገን ከፊት ገጽ ወደ ውስጥ ገጽ ተገፋ።

ቀጥሎ መስቀል አደባባይ መጣ። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ሰልፍ ጠሩ። የመጀመሪያው «ማዕበል» ተባለ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በዜና ሲነገር ስለሰነበተ፣ ሁለተኛው «ሱናሚ» ተባለ። መርካቶ በሁለተኛው ቀን ሁለት ጣቱን እያሳየ ወደ አደባባዩ ወረደ፤ የቅንጅት ምልክት ሁለት ጣት ነበር፣ የኢሕአዴግ ንብ። ስንት ሰው ወጣ? እንደየምንጩ ከመቶ ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች ተባለ። እዚህ ላይ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። የተከራካሪ ንግግር ቤት ተቀምጦ ሊሰማ ይችላል፤ የሰልፈኛ ብዛት ግን ከመሐሉ የቆመ ሰው እንኳ ሊቆጥረው አይችልም። አንባቢው የዘገባዎቹን ልዩነት የሚዳኝበት የራሱ ልክ አልነበረውም፤ ስለዚህ ለልቡ የቀረበውን ቁጥር ያዘ።

ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅንጅት 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችና ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። በዚያው ሌሊት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው በዋና ከተማዋ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን ተናገሩ። በማግስቱ ኢሕአዴግ አሸነፍኩ አለ፤ ቅንጅትም አሸነፍኩ አለ። በአገር አቀፍ ደረጃ ውጤቱ መጨረሻ ላይ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ ለኅብረት 52 መቀመጫ ተብሎ ታወጀ፤ በመሐሉ ግን ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት የአሸናፊነት ዘገባዎች እንደ ክርክሩ ዘገባዎች ተጋጩ፤ ዋናው መረጃ፣ ማለትም ከየጣቢያው የተቆጠረው ድምፅ፣ በሕዝቡ እጅ አልነበረም።

ሰኔ 1 መርካቶ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ታክሲ ቆመ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ሰው ሞተ። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ነገሩን የሁከተኞችና የዘራፊዎች ሥራ አደረጉት፤ የግል ጋዜጦችና የውጭ ጣቢያዎች የሰልፈኛ ግድያ አሉት። የአሜሪካ ድምፅና የዶቼ ቬለ የአገር ውስጥ ዘጋቢዎች የሥራ ፈቃዳቸው ተነጠቀ። ጥቅምት 22 ቀን 1998 ሁከቱ እንደገና ሲነሳ መርካቶ አሁንም መሐሉ ላይ ነበረ። ከዚያ በኋላ የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ስማቸውን የጠቀስኳቸው በርካታ ጋዜጦችም አልተመለሱም።

ስንት ሰው ሞተ ለሚለው ጥያቄ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፣ 763 ቆስለዋል የሚል አኃዝ ላይ ደረሰ፤ 6 ፖሊሶችም ሞተዋል። ይህ ቀድሞ ከተነገረው በእጅጉ የሚበልጥ ነው። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደ ሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጥተው ኮሚሽኑ የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ወስኖ እንደነበር ተናገሩ፤ ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ደግሞ ኃይሉ ተመጣጣኝ ነበር አለ። አንድ ኮሚሽን፣ ሁለት መደምደሚያ። በመጋቢት ላይ «እኔ ሰምቼዋለሁ» ይል የነበረው ባለሱቅ በሰኔ ያየው የራሱን መንገድ ብቻ ነው። ቀጥሎ ባለው ተራ የሆነውን አላየም። ከቴሌቪዥኑና ከሐሜቱ መርጦ ከማመን ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ልጁን ያጣው ደግሞ ምርጫም አላስፈለገውም።

የ2002 ምርጫ ሲመጣ ክርክር ነበር፤ መድረክ፣ ኢዴፓ፣ መኢአድና ሌሎችም ከኢሕአዴግ ጋር ተከራክረዋል። የጠፋው ከክርክሩ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ነው። አዲስ ነገር ጋዜጣ ከምርጫው ወራት ቀደም ብሎ ተዘግቶ አዘጋጆቹ ተሰደዋል። በመጋቢት መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ከሩዋንዳው የጥላቻ ሬዲዮ ከሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው ስርጭቱን ስለማፈን በይፋ ተናገሩ። ሰዉ ክርክሩን ያዳምጣል፣ በማግስቱ የሚያነበው አስተያየት ግን አብዛኛው አንድ ወጥ ነው። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን አገኙ። በዚያ ሰሞን መርካቶ ውስጥ ስለ ክርክሩ ሲወራ ድምፅ ዝቅ ይል ነበር፤ የሚያስፈራው ሐሳቡ ሳይሆን ሐሳቡን ከሌላው ጋር ማስተያየቱ ሆኖ ነበር።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ለተካሄደው ምርጫ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የክርክር መድረኩ በርካታ ጣቢያዎች ላይ ተዘረጋ፤ በ1997 ቅንጅትን ወክለው የተሟገቱት ብርሃኑ ነጋ በዚህኛው ኢዜማ በተባለው ፓርቲ ስም ተወዳደሩ፣ በዚያን ጊዜ የቅንጅት አመራር የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ምርጫ ቦርድን ይመሩ ነበር፣ የያኔዎቹን ጋዜጦች ያሳትም የነበረው እስክንድር ነጋ ከእስር ቤት ሆኖ የባልደራስ ፓርቲ ዕጩ ነበር። አስተያየት ሰጪው በዝቷል፤ ፌስቡክ አለ፣ ዩቲዩብ አለ። ክርክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ግን አነሰ። ሸማ ተራ ያለው ወጣት ሻጭ በስልኩ የሚያየው አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ ነው፤ ቁራጩን የቆረጠው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ከቁራጩ በፊት የተጠየቀው ጥያቄም ከእሱ በኋላ የተሰጠው መልስም የለም። በ1997 አዘጋጁ በዜና ክፍሉ ውስጥ በስሙ የሚያደርገውን ሥራ፣ አሁን ስም የሌለው ሰው ያለ ኃላፊነት ይሠራዋል።

ለዚህም ነው የክርክር ሰዓት ለፓርቲዎች በደቂቃ ማከፋፈል ብቻውን በቂ አይደለም የምለው። ያስተላለፈው ጣቢያ ሙሉ ቅጂውን፣ ሳይቆረጥ፣ ከጽሑፍ ግልባጩ ጋር፣ ማንም በማንኛውም ጊዜ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ እንዲያስቀምጥ ቢገደድ፣ ምርጫ ቦርድም የዚህን ቅጂ ጠባቂ ቢሆን ሥራው ከባድ አይደለም። ዛሬ የ1997ን የመሬት ክርክር ማዳመጥ የሚፈልግ የ20 ዓመት ወጣት ዩቲዩብ ላይ ሲፈልግ የሚያገኘው ደጋፊዎች የሰቀሉት ቁርጥራጭ ነው፤ አንዱ የልደቱን ምርጥ መልሶች፣ ሌላው የበረከትን። እናት አባቱ በሱቅ በር ቆመው ከጥያቄው እስከ መልሱ የሰሙትን ክርክር እሱ በሁለት ወገን መቀስ ተቆርጦ ይቀበለዋል፤ አባቱን ሲጠይቅ ደግሞ አባቱ አሁንም ማን እንዳሸነፈ በእርግጠኝነት ይነግረዋል።